ግጥሙን በአፍ፣ ተውኔቱን በቡና ላይ፦ ብዙ ዓይነት መጽሐፍ በደስታ የማንበቢያ መመሪያ

እዚህ ደሴ፣ ቤቴ መጽሐፍ ሊዋስ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፦ «ልብ ወለድ ሲሆን ሌሊቱን ሙሉ አነባለሁ፤ ሌላ ስይዝ ግን ለምን ይሰለቸኛል?» በቅርቡ አንዲት የሰፈራችን ልጅ የግጥም መድበል ወስዳ በማግስቱ መለሰችልኝ። «በአንድ ማታ ጨረስኩት ጋሼ፤ ምንም አላለኝም» አለች። መድበሉ ውስጥ ከሰባ በላይ ግጥም አለ። ሰባ ዓይነት ወጥ በአንድ ማዕድ የቀመሰ ሰው የትኛው እንደጣመው ለይቶ ሊናገር አይችልም።

ልጅቷ ጥፋት የለባትም፤ መጽሐፉም የለበትም። ግጥሙን ያነበበችው ልብ ወለድ በምታነብበት ፍጥነት፣ «ቀጥሎ ምን ይሆን?» እያለች ነው። ግጥም ደግሞ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። እያንዳንዱ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ የራሱ አነባበብ አለው፤ መጽሐፍ ስትቀይሩ አነባበባችሁንም ካልቀየራችሁ ከልብ ወለድ ውጭ ያለው ሁሉ ደረቅ ይሆንባችኋል። ከዚህ በታች ያለውን በተራ ከሠራችሁ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ለረጅሙ ልብ ወለድ ደግሞ ትንሽ ከዚያ በላይ ብትሰጡት፣ በሁለት ወር ገደማ ትጨርሱታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር።
- እርሳስ። እስክሪብቶ አይሆንም፤ የተዋሳችሁት መጽሐፍ ላይ ምልክት ስታደርጉ መጥፋት አለበት።
- ሦስት ዕልባት። የካርቶን ቁራጭ ይበቃል። የገጽ ጫፍ አትጠፉ።
- የአማርኛ መዝገበ ቃላት። መግዛት ካልቻላችሁ ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ እዚያው ተጠቀሙበት።
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ።
- ባትሪ፣ መብራት ለሚጠፋበት ማታ።
- ለአንድ ቀን ብቻ፦ ማንበብ የሚችሉ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች፣ ቡናም።
- አምስት መጻሕፍት፦ አንድ የአጫጭር ልብ ወለድ መድበል፣ አንድ የግጥም መድበል፣ አንድ ተውኔት፣ አንድ ግለ ታሪክ ወይም የጉዞ ማስታወሻ፣ አንድ ረጅም ልብ ወለድ።

1. ያነበባችሁትን ቁጠሩ

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቅርብ ያነበባችኋቸውን አሥር መጻሕፍት ጻፉ። በየአንዳንዱ ጎን ዘርፉን፣ ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ትዝ የሚላችሁን አንድ ነገር ብቻ አስቀምጡ፦ አንድ ሰው፣ አንድ ንግግር ወይም አንድ ቦታ።

ይህ ወደ ሌላው ዘርፍ የምትገቡበትን በር ያሳያችኋል። ትዝ ያላችሁ ብዙውን ጊዜ ንግግር ከሆነ ጆሯችሁ ለተውኔት የተዘጋጀ ነው። ቦታና መንገድ ከሆነ የጉዞ ማስታወሻ ይስማማችኋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ከያዛችሁ እናንተ ሳታውቁት የግጥም አንባቢ ናችሁ። «ሰውየው በእውነት ይህን አድርጎ ይሆን?» እያላችሁ የምትጨነቁ ከሆነ ደግሞ ግለ ታሪክ አንሡ። የደረጃዎቹን ተራ እንደዚሁ ማቀያየር ትችላላችሁ፤ ረጅሙ ልብ ወለድ ግን መጨረሻ ላይ ይሁን። ምክንያቱን እዚያ ስትደርሱ ታገኙታላችሁ።

2. መጻሕፍቱን ስትሰበስቡ ገጽ ቁጠሩ

አምስቱንም አትግዙ። ተዋሱ፣ ከትምህርት ቤት ወይም ከከተማው ቤተ መጻሕፍት አውጡ፤ አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ካገለገሉ መጻሕፍት ሻጮች ግዙ። ከመክፈላችሁ በፊት የገጽ ቁጥሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታተሉ። መጽሐፍ የሚታተመው በትልቅ ወረቀት ላይ ሆኖ እየታጠፈ ስለሚሰፋ፣ ሲጎድል አንድ ሁለት ገጽ ሳይሆን 8 ወይም 16 ገጽ አንድ ላይ ነው የሚጎድለው። ተውኔት ላይ 16 ገጽ ማለት አንድ ሙሉ ትዕይንት ነው። እኔ ይህን የተማርኩት የወንጀል ልብ ወለድ ገዝቼ ገዳዩ የሚታወቅበት ክፍል ከመጽሐፉ ውስጥ እንደሌለ ካየሁ በኋላ ነው።

ደሴ፣ ኩታበር ወይም ሌላ ደጋ ያላችሁ ሰዎች በክረምት መጽሐፍ ከግድግዳ ጋር አታስጠጉ። እርጥበቱ ከጀርባ ገብቶ ያሻግተዋል፤ አንድ ስንዝር ክፍተት ይበቃል።

3. በአጭር ልብ ወለድ ጀምሩ፤ በአንድ መቀመጫ ጨርሱ

ከመድበሉ አንድ ታሪክ ምረጡና ገጾቹን ቁጠሩ። ከ15 ገጽ ካልበለጠ ለግማሽ ሰዓት ይሆናል። ስልኩን አርቁና ሳትነሡ ጨርሱ።

በአንድ መቀመጫ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አጭር ልብ ወለድ የሚጻፈው አንድ ስሜት ለመተው ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ የተጣለች ነገር፣ የተቀደደ ጃኬት ትሁን ያልተከፈተ ደብዳቤ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ትመለሳለች። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ ካነበባችሁት ጃኬቷን ትረሷታላችሁ፤ መጨረሻው ሲመጣም «ይኸው ነው?» ትላላችሁ።

ከጨረሳችሁ በኋላ የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ እንደገና አንብቡ። ይህችን ደረጃ አትዝለሏት። ደራሲው የቀበረውን አሁን ታዩታላችሁ፤ የአጭር ልብ ወለድ ደስታ ግማሹ እዚህ ነው ያለው። በቀን አንድ ታሪክ ብቻ፣ ለአንድ ሳምንት።

*ማስጠንቀቂያ፦* ከደሴ ኮምቦልቻ የምትመላለሱ ሰዎች «መኪና ውስጥ አነባለሁ» ትሉኛላችሁ። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ አታንብቡ፤ ያጥወለውላችኋል፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ስታዩ ማቅለሽለሹ ይመጣባችኋል። መናኸሪያ መኪናው እስኪሞላ ያለው ጊዜ ግን ለአንድ አጭር ታሪክ ልክ ነው።

4. ግጥሙን በአፍ አንብቡ

እዚህ ላይ ረጅም እቆያለሁ፤ ብዙው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነውና።

በቀን አንድ ግጥም ብቻ። መጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎ ድምፅ አውጥታችሁ በዝግታ፣ በመጨረሻ ስልካችሁ ላይ ቀድታችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ለማሳያ እኔው የገጠምኳትን እንውሰድ (ጦሳ የደሴ ተራራ ነው)፦

ጦሳ ጉም ለበሰ መንገዱን ደፈነው፣
ደጅሽን ያወቅሁት በቡናሽ ሽታ ነው።

በዓይን ስታነቧት አምስት ሰከንድ አትፈጅም። ጉም አለ፣ ቡና አለ፣ አለቀ። አሁን በአፍ በሏት። «ጦሳ ጉም ለበሰ» ላይ ትንፋሽ ውሰዱ። ሁለተኛው ስንኝ ላይም «ደጅሽን ያወቅሁት» ብላችሁ ቁሙ። እያንዳንዱ ግማሽ ስድስት ቀለም ነው። ቀለም ማለት ፊደል አይደለም፤ በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣው ድምፅ ነው፤ «ጉም» ሁለት ፊደል ሆኖ አንድ ቀለም ነው። ስድስትና ስድስት የሚሄደውን ይህን ምጣኔ የወል ቤት ይሉታል፤ ለቅሶ ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ እንጉርጉሮ ላይ ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስትሰሙት ያደጋችሁት ነው። ጆሯችሁ ያውቀዋል፤ ዓይናችሁ ግን አያውቀውም። በአፍ አንብቡ የምለው ለዚህ ነው።

ቀጥላችሁ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። የመጀመሪያው ስንኝ ዓይንን ይዘጋል፦ ተራራው ጠፋ፣ መንገዱ ጠፋ። ሁለተኛው አፍንጫን ይከፍታል። «ሽታ» የምትለው ቃል መጨረሻ አካባቢ የተቀመጠችው ሰውየው ራሱ ሲዳብስ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ስለደረሰባት ነው። ስንኞቹን ገልብጣችሁ ከታች ወደ ላይ አንብቧቸው፤ ቃላቱ ሳይለወጡ ፍለጋው ይጠፋል። አንድ ግጥም ላይ እንዲህ ያለ አንድ ነገር ካገኛችሁ ለዕለቱ ይበቃል። ደብተራችሁ ላይ ያን አንድ ነገር ጻፉ፤ «ቆንጆ ግጥም» ብላችሁ አትጻፉ።

የማታውቁት ቃል ሲመጣ በመጀመሪያው ንባብ አትቁሙ። በእርሳስ ነጥብ አድርጋችሁ እለፉ፤ ከሦስተኛው ንባብ በኋላ መዝገበ ቃላት ክፈቱ። ብዙዎቹን ዜማው ራሱ ይፈታላችኋል።

*ማስጠንቀቂያ፦* በእያንዳንዱ ግጥም ውስጥ ሰምና ወርቅ አትቆፍሩ። ኅብር ቃል፣ ማለትም ሁለት ትርጉም የያዘ ቃል፣ ያለው ግጥም አለ፣ የሌለውም አለ። የሌለውን ስትቆፍሩ ፊት ለፊት ያለውን ትረግጡታላችሁ።

ወሎ ላይ ለተቀመጠ ሰው ለዚህ ደረጃ የሚሆን ሌላም ሀብት አለ፤ እሱም መንዙማ ነው። የአገራችን ሸኾች አማርኛውን በዐረብ ፊደል፣ በዐጀም እየጻፉ ያቆዩት ግጥም ነው። ወረቀቱን ማንበብ ባትችሉ ሲባል ስሙት፦ አውጪው አንድ ስንኝ ይላል፣ ተቀባዩ አዝማቹን ይመልሳል። አዝማቹ በተመለሰ ቁጥር ትርጉሙ ትንሽ ትንሽ ሲለወጥ ለመስማት ሞክሩ። የመጽሐፍ ግጥም ውስጥ የሚደጋገም ስንኝ ለምን እንደተደጋገመ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ አላገኘሁም። መውሊድ ወይም ወዳጃ (የጋራ ጸሎት) ላይ ግን የሚባለው ዱዓ ነውና ሳታስፈቅዱ ስልክ አታውጡ።

5. ተውኔቱን ቡና ላይ ተከፋፍላችሁ አንብቡ

ተውኔት ብቻችሁን በዝምታ ካነበባችሁት የስም ዝርዝርና የሁለት ነጥብ ክምር ነው። የተጻፈው ለድምፅ ነው። ስለዚህ ቡና የሚፈላበትን ቀን ጠብቁ፤ ሁለት ሦስት ሰው ይበቃል፤ አንድ ትዕይንት ብቻ ምረጡ። ሳቅ ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» ኮሜዲ ስለሆነ ለጀማሪ ጉባኤ ይመቻል።

አቦል ላይ ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፈሉና ሳትለማመዱ ቀጥ ብላችሁ አንብቡ። መደነቃቀፍ አለ፣ ግድ የለም። ቶና ላይ ያንኑ ትዕይንት ሚና ተለዋውጣችሁ ድገሙት። በረካ ላይ መጽሐፉን ዝጉና «እገሌ ያን ጊዜ ለምን ዝም አለ?» ተባባሉ።

ለምን ሚና መለዋወጥ እንዳስፈለገ በሁለት መስመር ላሳያችሁ፦

እናት፦ (ጀበናውን እያወረደች) መጣህ?
ልጅ፦ መጣሁ።

ይህችን አንድ ቀን ከጎረቤቶቼ ጋር ሞከርናት። አንዷ እናት «መጣህ?» ያለችው ልጇ ከሩቅ አገር በደህና እንደገባላት ሰው ነው። ሁለተኛዋ ደግሞ አምሽቶ የገባ ጎረምሳ ላይ እንደምትቆጣ አድርጋ አለችው። ቃሉ አንድ፣ ቤቱ ሌላ ሆነ። ሦስተኛዋ ጀበናውን እስክታወርድ ቀና ሳትል ቆይታ ነው ያናገረችው፤ ያን ጊዜ ክፍሉ ጸጥ አለ። በቅንፍ ውስጥ ያለውን የመድረክ መግለጫ የሚዘልል አንባቢ ይህን ጸጥታ ያጣል። ስለዚህ ከጉባኤው አንዱ ሰው ቅንፉን ብቻ የሚያነብ ይሁን። ይህ ሥራ ለልጆች ሲሰጥ በጣም ይወዱታል።

6. ግለ ታሪኩን ከወረቀት ጋር አንብቡ

ግለ ታሪክና የጉዞ ማስታወሻ የሚሰለቸው ዘመኑና ቦታው ሲምታታ ነው። ደብተራችሁን ለሁለት ከፍላችሁ በግራ የባለታሪኩን ዕድሜ፣ በቀኝ ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ የራሳችሁን አያት ዕድሜ አስገቡ፤ ባለታሪኩ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ሲገባ አያታችሁ የት ነበሩ? ያን ጊዜ መጽሐፉ የቤታችሁ ነገር ይሆናል።

*ማስጠንቀቂያ፦* የዘመን አቆጣጠሩን አረጋግጡ። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የሚሄደው፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ቅርባችን ያለውን ውጫሌን ውሰዱ፦ የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ሌላው መጽሐፍ 1889 ይለዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ይህን ያላወቀ ሰው አንዱን መጽሐፍ «ስህተት የሞላበት» ብሎ ይጥለዋል።

የጉዞ ማስታወሻ ከሆነ ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱና መንገዱን በጣት ተከተሉ። የምታውቁትን መንገድ የሚያልፍ መጽሐፍ ብታገኙ እሱን አስቀድሙ። ሐይቅን በየሳምንቱ የሚያይ ሰው እንግዳ ዓይን እዚያ ምን እንዳየ ሲያነብ በሚቀጥለው ጊዜ ከመኪናው መስኮት አይነሣም።

7. ተረቱን ከሰው አፍ ውሰዱ

ሥነ ቃልም ዘርፍ ነው፤ መጽሐፉ ግን ብዙ ጊዜ ሰው ነው። አንድ ትልቅ ሰው ዘንድ ሂዱና አስፈቅዳችሁ ቅዱ። «ተረት ንገሩኝ» ብትሏቸው «ረስቻለሁ ልጄ» ይሏችኋል። እናንተ ጀምሩ። አንድ እንቆቅልህ ጣሉ፤ «ምን አውቅልህ» ካሉ በኋላ አያቆሙም። መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጠኝ» እስኪባል ድረስ ጨዋታው ይሂድ።

ቤት ገብታችሁ አንዷን ተረት እንደሰማችኋት ጻፏት። ስትጽፉ የሚያስቸግራችሁ ነገር፣ የድምፁ መውጣትና መውረድ፣ እጃቸው የሠራው፣ ዝም ያሉበት ቦታ፣ ደራሲ ሁሉ ወረቀት ላይ የሚታገለው ነገር ነው። ከዚህ በኋላ የማንኛውንም ደራሲ ሥርዓተ ነጥብ በሌላ ዓይን ታያላችሁ።

8. አሁን ረጅሙን ልብ ወለድ ክፈቱ

መጨረሻ ያልኩት ለዚህ ነው፦ ረጅም ልብ ወለድ ሁሉንም በውስጡ ይዟል። ንግግሩ ተውኔት ነው፤ እንጉርጉሮው ግጥም ነው፤ ምዕራፉ አንዳንዴ ራሱን የቻለ አጭር ታሪክ ነው፤ ሽማግሌው የሚተርቱት ሥነ ቃል ነው። ከዚህ በፊት ልትዘሉት የነበረው ላይ አሁን ትቆማላችሁ።

በቀን 20 ገጽ ያዙ። 500 ገጽ ያለው መጽሐፍ በ25 ቀን ያልቃል። የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ወረቀት አስገቡና አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ስሙን፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ስንተኛ ገጽ ላይ እንደመጣ ጻፉ። ብዙ ሰው ረጅም ልብ ወለድ የሚያቋርጠው ታሪኩ ሰልችቶት ሳይሆን ሰው ጠፍቶት ነው።

ንግግር ሲመጣ በአፍ አንብቡት፣ ልክ ቡና ላይ እንዳደረጋችሁት። ለጆሮ ናሙና ከፈለጋችሁ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኳል። አንድ ምዕራፍ ስሙ፣ ከዚያ ያንኑ ምዕራፍ ራሳችሁ አንብቡ። መጀመሪያ ሰምታችሁ ቀጥላችሁ አንብቡ እንጂ ገልብጣችሁ አታድርጉት፤ ድምፁ ጆሯችሁ ውስጥ ስለሚቀር ገጹ ይናገርላችኋል።

9. ከዚህ በኋላ ሁለት ሁለት ያዙ

አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። ማታ ልብ ወለድ፣ ጠዋት አንድ ግጥም። ሁለት ረጅም ልብ ወለድ በአንድ ጊዜ አትያዙ፤ ሰዎቹ ይቀላቀላሉ፣ የአንዱ ባል የሌላዋ ይሆናል። ዘርፋቸው የተለያየ ሲሆን ግን አይጋጩም፤ አንዱ ሲያደክም ሌላው ያሳርፋል።

የተለመዱ ስህተቶች

«አልገባኝም» ብሎ ወዲያው መመለስ። አብሽሩ፤ ለአንድ መጽሐፍ 30 ገጽ፣ ለግጥም መድበል አምስት ግጥም ስጡት። ከዚያ ካልሆነ ያለ ጸጸት መልሱት፤ ከዚያው ዘርፍ ግን ሌላ መጽሐፍ ውሰዱ። አንድ ተውኔት ስላልጣማችሁ ተውኔት አልጣማችሁም ማለት አይደለም።

መግቢያውን መጀመሪያ ማንበብ። የቆየ መጽሐፍ መግቢያ ብዙ ጊዜ መጨረሻውን ይናገራል። የደራሲውን ምስጋና አንብቡ፤ ሌላ ሰው የጻፈውን ማብራሪያ ግን ወደ ኋላ አቆዩት።

የወንጀል ልብ ወለድ ላይ መጨረሻውን መሰለል። ሩብ ያህል ሲቀር ቁሙና የጠረጠራችሁትን ሰው ስም ከነምክንያቱ ደብተር ላይ ጻፉ። ብትሳሳቱ የበለጠ ይጣፍጣል፤ ደራሲው የት ላይ እንዳታለላችሁ ተመልሳችሁ ታገኛላችሁ።

መብራት ሲጠፋ በኩራዝ ወይም በሻማ ተኝቶ ማንበብ። ጋቢና ወረቀት ከእሳት ጋር አይተኙም። ባትሪ ያዙ፤ ከሌለ ተቀመጡና አንብቡ፣ እንቅልፍ ሲመጣም አጥፉት።

ደብተሩን መተው። «ጭንቅላቴ ይይዘዋል» የሚለኝ ሰው በወሩ ተመልሶ ያነበበውን መጽሐፍ ያንኑ ይዋሰኛል። ለአንድ ንባብ አንድ መስመር ይበቃል፦ ቀኑ፣ የመጽሐፉ ስም፣ ያገኛችሁት አንድ ነገር።

ያቺ የሰፈራችን ልጅ መድበሉን እንደገና ወስዳዋለች፤ በቀን አንድ ግጥም ብላ። እስካሁን አልመለሰችውም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።